ሰርቶ ማሳያው ይመለስልን፦ ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ግልባጭ፦ ለዞኑ ግብርና መምሪያ፣ በአካባቢያችን ጥናት ለሚያካሂዱ ተመራማሪዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጎንደር አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ ዘር ለማባዛትና ለመለዋወጥ የተሰባሰብን ገበሬዎች ነን። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና በቆሎ እናመርታለን። የወረዳውንም የቀበሌውንም ስም አልጠቀስንም። ምክንያቱ ፍርሃት አይደለም። ገበያ ላይ ከሌላ ወረዳ ሰዎች ጋር ስንገናኝ እነሱም የሚያወሩት ይህንኑ ችግር ነው። አንድን መሥሪያ ቤት ለይተን ማሳጣት አልፈለግንም።

ለመጻፍ ያነሳሳን ዘንድሮ ያሳለፋችሁት ውሳኔ ነው። በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ግቢ የነበረው፣ አዲስ ዘርና አሠራር ተሞክሮ የሚታይበት ሰርቶ ማሳያ ለገቢ ተብሎ ተከራየ። እዚያው ይደረግ የነበረው የማሳ ጉብኝትም ቀረ። በምትኩ «ምክር በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ሞዴል ገበሬዎች ደግሞ ለሌላው ያስተላልፋሉ» ተባልን። ውሳኔው ስብሰባ ላይ ተነገረን እንጂ ሐሳባችንን የጠየቀን የለም። ብንጠየቅ ኖሮ የምንለውን ነው አሁን የምንጽፈው።

ሰርቶ ማሳያው ትንሽ መሬት ነበር። ግን ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ወደ ገበያ የሚሄደውም፣ ከብት የሚነዳውም፣ ውሃ የምትቀዳውም በዚያ ስታልፍ ታየዋለች። ዘሩ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ማንም ሳይጠራን ቆመን እንመለከት ነበር። ገበሬ አዲስ ዘር በወሬ ብቻ አይዘራም። መጀመሪያ ዓመት ያያል። ቀጥሎ ከጎረቤት ጥቂት ቁና ለውጦ አንድ ጥግ ላይ ይሞክራል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ማሳ ላይ የሚያወርደው። ይህን አንዳንድ ባለሙያ «ለውጥ አለመቀበል» ይለዋል። እኛ ግን ዘሩ ቢከሽፍ ልጆቻችን ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ያጣሉ። ዓይቶ ማመን ለእኛ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ቁንጮ የተባለውን የተሻሻለ የጤፍ ዘር አስታውሱ። ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የተለቀቀው በ1998 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን ዘሩን ያገኘነው ግን ከሥልጠና አይደለም። አንዱ ነጭነቱን ገበያ ላይ አየ። ሌላው ዛላውን በአማቱ ማሳ ላይ አየ። በእህል ለውጦ፣ በአቁማዳ ተሸክሞ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱ ከእሱ ወሰደ። ጥሩ ነገር እኛ ዘንድ የሚዛመተው እንዲህ ነው።

ይህንን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የገበሬ ልጆች ናችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር የሚወራው ስለ ዝናብና ስለ ዘር ነው። ሰንበቴና ማኅበር ላይ ጠላው ሲቀዳ «የአንተ ባቄላ ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። ወንፈል ወጥተን ስናርምና ስናጭድ የሌላውን ማሳ እግረ መንገዳችንን እንመረምራለን። ሴቶች ደግሞ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁና ቡና ላይ ስለ ነቀዝ፣ ስለ ዶሮ በሽታ፣ ስለ ዘር አቀማመጥ ይነጋገራሉ። ከቆላ የሚመለሱትም አሉ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ቋራ የሚወርዱ ልጆቻችን ሲመለሱ ያዩትን ይዘው ይመጣሉ። ከእናንተ የሚመጣው ምክር ግን በእነዚህ መንገዶች ላይ አይሄድም።

ቴሌግራሙን እንውሰድ። በቀበሌያችን ስማርት ስልክ የያዘው በአብዛኛው ወጣቱ ነው። ወጣቱ ደግሞ መሬት የለውም። መሬት ያለው አባት የሚይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እናትየው ብዙ ጊዜ እሱም የላትም። መብራት ከሌለ ባትሪ አይሞላም፤ ካርድ ከሌለ አይከፈትም። ኢንተርኔት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜም ሁላችንም እናስታውሰዋለን። መንገድ ሲዘጋ ባለሙያው አይመጣም፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ቴሌግራሙም አይመጣም። ክረምቱ ግን አይጠብቅም።

ስልክን ጠልተን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው የግብርና ምክር የስልክ መስመር ጥሩ ነገር ነው። በነፃ ይደወላል፣ በባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል፣ በአማርኛ ይናገራል። ነገር ግን አንድም ባለሙያ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚደወል አላሳየንም። ቁጥር እየተጫኑ ሰብል መምረጥ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ በሰንበቴ ቢያሰማ ኖሮ ሃምሳ ሰው ይሰማው ነበር። ከዚያም ይከራከርበት ነበር። ክርክሩ ነው ነገሩን በልብ የሚያስቀረው።

አሁን ወደ ደረሰብን ጉዳት እንምጣ። አንድ የቡድናችን አባል ሽምብራው አረም በዛበት። የልማት ሠራተኛውን ፈለገ፤ ለሌላ ሥራ ተልኮ አላገኘውም። ገበያ ወጥቶ ፀረ አረም ሻጩን ጠየቀ። ሻጩ ቱፎርዲ ሸጠለት። ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያጠፋ መድኃኒት ነው። ለጤፍና ለስንዴ ነው የሚውለው። ሽምብራም፣ ባቄላም፣ ምስርም ለእሱ ከአረሙ አይለዩም። ሰውየው ማሳውን በእጁ አቃጠለው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ማሳው ይተርፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ በገበያው ሁሉ ስለተሰማ ማንም አይደግመውም። አንድ ቤተሰብ ዓመት ሙሉ የተጎዳበት ትምህርት ነው።

በነገራችን ላይ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። መጠኑ በሊትርና በሄክታር ነው። እኛ መሬት የምንለካው በጥማድና በቃዳ፣ መድኃኒት የምንለካው በለስላሳ ቆርኪ ነው። ስንት ቆርኪ ለአንድ መርጫ? ለአንድ ቃዳ ስንት መርጫ? ይህን በአማርኛ፣ በሥዕል፣ በአንድ ወረቀት የሚያሳየን ካገኘን ብዙ ሰው ከመመረዝ ይድናል። ባዶውን ጠርሙስ ቤት ውስጥ ዘይት የሚያስቀምጥበት ሰው እስካሁን አለ። ይህንንም የሚነግረው ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት የሽምብራው ሕያው ማዳበሪያ ነው። በትንንሽ ከረጢት ታደለን። ውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ ፀሐይ እንደሚገድለው ማንም አልነገረንም። አንዳንዱ ቆርቆሮ ሥር አስቀመጠው። አንዳንዱ ከዩሪያ ጋር ደባልቆ በተነው። ከዘሩ ጋር ጥላ ውስጥ ታሽቶ በዚያው ቀን መዘራት እንዳለበት የሰማነው በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ቀበሌ ከመጣ የሠርግ እንግዳ። በሪፖርታችሁ ግን «ይህን ያህል ገበሬ ተጠቃሚ ሆኗል» ተብሎ ተጽፏል። ከረጢቱ መታደሉ እውነት ነው። ዕውቀቱ ግን አልታደለም።

በመስመር መዝራትም እንዲሁ። ጤፍ በብተና ሲዘራ በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ ዘር ይፈጃል። በመስመር ከሆነ 5 ኪሎ አካባቢ ይበቃል፣ ምርቱም ይጨምራል ተባለ። ምክሩ ሐሰት አይደለም። በደረቅ አፈርና በቂ ጉልበት ባለው ቤት ሠርቷል። ነገር ግን የእኛ መሬት ዋልካ፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው። ሐምሌ ላይ እግር ይውጣል። ሰው ከየት ይመጣል? ያኔ ሁሉም የራሱን ዘር ይዞ ይሯሯጣል። ይህንን ስንናገር የሰማን የለም። ስለዚህ ሰው መንገድ ዳር ያለችውን ማሳ በመስመር ዘራ፣ ጓዳ ያለውን በብተና። ጎብኚ መጥቶ መንገድ ዳሩን ዓይቶ ሄደ። እናንተም ይህን ታውቃላችሁ ብለን እናምናለን። ገበሬው ለምን እንደተወው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለዋልካ የሚሆን መላ አብረን እናገኝ ነበር። መረጃ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት በር የለውም።

ስለ ሴቶች ሳንጽፍ ይህን ደብዳቤ መዝጋት አንችልም። ሥልጠና ሲጠራ «አባወራ» ይጠራል። አረም የምታርመው፣ ዘር የምትመርጠውና የምታስቀምጠው ግን ሴቷ ናት። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች ወደ አገራችን ገብቶ እኛም ዘንድ ሲደርስ በበቆሎው ቅጠል ላይ እንቁላሉን ያዩት በአረም ላይ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ትሉ ወደ ቅጠሉ መሃል ገብቶ እንደሚደበቅ፣ ቀን ተደብቆ በማለዳና በማታ እንደሚወጣ የደረሱበትም እነሱ ናቸው። በእጅ እየለቀሙ ማሳቸውን ያተረፉ አሉ። ሥልጠናው ሲመጣ ግን የተጠሩት ወንዶች ነበሩ።

ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ችግሯ ይብሳል። በእኛ አገር ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። መሬቷን የእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ልትካፈል ትሰጣለች። ያኔ ማዳበሪያውም፣ ዘሩም፣ ሥልጠናውም የሚሄደው ወደ አራሹ ነው። ባለመሬቷ ስለ ራሷ ማሳ የምትሰማው አራሹ ሲነግራት ብቻ ነው። ምን ያህል ማዳበሪያ እንደገባበት አታውቅም። ክፍፍሉ ላይ የምትከራከርበት ነገር የላትም። አንዲት የቡድናችን እናት «የመሬቱ ደብተር በእኔ ስም ነው፣ ምክሩ ግን በሱ ስም ነው» አሉን። ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሰው አላገኘንም።

ስለ ልማት ሠራተኞቹ አንድ ነገር እንበል። በእነሱ ላይ ቅሬታ የለንም፤ እንዲያውም እናዝንላቸዋለን። በአንድ ቀበሌ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ሦስት ባለሙያ ይመደባል ይባላል። ተሟልተው የተገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያሉትም ግብር ይሰበስባሉ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ይጠይቃሉ፣ የጤና መድን ክፍያ ያስከፍላሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ። አንድ ሰው ዛሬ ዕዳ ሊጠይቅህ መጥቶ ነገ ምክር ልስጥህ ቢል በሩን ትከፍትለታለህ? ባለሙያው ብቅ ሲል ሰው ዘወር ማለት የጀመረው ለዚህ ነው። ልጁ የተማረው እርሻ ነው። በተማረው ያሠሩት።

የሞዴል ገበሬውም ነገር ከዚሁ አይርቅም። ሞዴል የሚባለው በአብዛኛው መሬቱ ሰፋ ያለ፣ በሬው የተሟላ፣ ከቀበሌ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። ጎበዝ ገበሬ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አንድ በሬ ያለው ሰው ከሁለት ጥማድ በሬ ባለቤት ምን ሊማር ይችላል? የሚሆነውን ምክር የሚያገኘው እንደ ራሱ ካለ ሰው ነው። ገበሬው በተደራጀበት በአንድ ለአምስቱ ቡድን ስብሰባ ላይ ደግሞ ብዙው ሰዓት በሌላ አጀንዳ ያልቃል። ስለ እርሻ ሲነሳ ሰው ለመሄድ ተነስቷል።

ተመራማሪዎችንም የምንለው አለ። ወደ ቀበሌያችን በየጊዜው መጠይቅ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ። «የግብርና መረጃ ከየት ታገኛለህ? ሬዲዮ አለህ? ለማን ትናገራለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥራችንን አቁመን እንመልሳለን። አመስግነው ይሄዳሉ፤ ተመልሶ የመጣ አላየንም። የአፈር ናሙናም ተወስዶብን ያውቃል። ውጤቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ሁሉ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ጨምሩ ስንባል ኖረናል። ዋልካውም ቀዩም አፈር አንድ ዓይነት ምክር ነው የተሰጠው። አሁን አፈሩ ተመርምሮ ማዳበሪያው በየቦታው ይለያል ተብሏል፤ ደስ ይላል። ታዲያ የእኛ አፈር ምን አጥቶ ነው ያገኛችሁት? ማወቅ የሚገባው የሚያርሰው ሰው አይደለም እንዴ?

እኛም የምንነግራችሁ አለን። ደምቢያና ፎገራ ስለ ጓያ የሚያውቁትን ሌላ አገር አያውቀውም። ጓያ ዝናብ ባጠረበትም፣ ውሃ በተኛበትም መሬት ይበቅላል። ስለዚህ በክፉ ዓመት የሚተርፈው እሱ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግር ያሽመደምዳል። አዛውንቶቻችን ከሌላ እህል ጋር እየደባለቁ፣ እየዘፈዘፉና ውሃውን እየደፉ ይበሉት ነበር። ይህ ሰው ተጎድቶ የተገኘ ዕውቀት ነው። አሁን የሚያውቁት እያለቁ ነው። አዲስ ጎጆ የወጡ ልጆች «ሽሮ ነው» ብለው ዝም ብለው ይበላሉ። የሥልጠና ሰነዶቻችሁን አገላብጠን ስለዚህ አንድ መስመር አላገኘንም። ምክንያቱም ከእኛ ተጠይቆ የተጻፈ ነገር የለም።

ቆላው ላይ ያሉ ወንድሞቻችንም ይታሰቡ። በመተማና በቋራ የጉሙዝ ገበሬዎች አሉ። በቤታቸው የሚናገሩት ጉሙዝኛ ነው። ስለ ማሽላና ስለ ቆላ መሬት የሚያውቁት ብዙ ነው። ከመንግሥት የሚደርሳቸው ምክር ግን በአማርኛ ነው። ልጆቻችን እዚያ ወርደው አብረዋቸው ሲሠሩ የሚያዩትን ነው የምንጽፈው። ስለ እነሱ ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል። እኛ የምንለው አብራችሁ ጠይቋቸው ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ የሰርቶ ማሳያው ኪራይ ውል ሲያልቅ እንዳይታደስ። ሙሉውን መመለስ ካልተቻለ ግማሹ ይመለስ። ጉልበቱን በወንፈል እኛ እናወጣለን። ምን እንደሚዘራበትም አብረን እንምረጥ፤ አንዱ መደብ አንድ በሬ ላለው ገበሬ በሚሆን አሠራር ይሠራ።

የልማት ሠራተኞች ግብር ከመሰብሰብና ዕዳ ከመጠየቅ ይውጡ። ይህ በእናንተ አቅም ብቻ እንደማይወሰን እናውቃለን። ቢያንስ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነፃ ይሁኑ።

ሥልጠና ሲጠራ ባልና ሚስት በየስማቸው ይጠሩ። መሬታቸውን የእኩል የሰጡ ሴቶች ለብቻቸው ዝርዝር ይያዝላቸውና ከአራሹ እኩል ይጠሩ። ሰዓቱም ወፍጮና ውሃ የማይሄዱበት ሰዓት ይሁን። ሰዓቱን ራሳቸውን ጠይቁ።

ገበያ ላይ ፀረ ተባይና ፀረ አረም የሚሸጡ ሰዎች ይታወቁ፣ ይሠልጥኑ፣ ፈቃዳቸው ይታይ። ወደድንም ጠላንም ብዙ ገበሬ መጀመሪያ የሚያማክረው እነሱን ነው። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት በአማርኛና በሥዕል፣ በቃዳና በቆርኪ የተሰላ አንድ ወረቀት ይዘጋጅ። ወፍጮ ቤትና ገበያ መግቢያ ላይ ይለጠፍ።

ቴሌግራሙ ይቀጥል፤ አትዝጉት። ግን የተለቀቀውን ምክር በሰንበቴ፣ በመስጊድና በገበያ ቀን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ሰው ይመደብ። 8028ን እንዴት እንደምንጠቀም አንድ ቀን መጥታችሁ አሳዩን።

ማዕከሉ ውስጥ የጥያቄ መዝገብ ይቀመጥ። ገበሬው ያየውን በሽታ፣ የሞከረውን መላ፣ ያልገባውን ነገር ያስመዘግብ፤ መጻፍ የማይችለውን ልጆች ይጽፉለታል። በየወሩ ባለሙያ መጥቶ መልስ ይስጥበት። መልስ የሌለው ጥያቄ ወደ ምርምር ማዕከልና ወደ ዩኒቨርሲቲ ይላክ። ተመራማሪዎችም ያገኙትን ውጤት ለቀበሌው ተመልሰው ሳይነግሩ ሌላ መጠይቅ እንዳይጀምሩ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ሲሰጣቸው በቅድሚያ ያሳስባቸው። የተወሰደብን የአፈር ናሙና ውጤትም ተፈልጎ ይነገረን።

መልሳችሁን በወረቀት ሳይሆን ማዕከሉ ግቢ ተገኝታችሁ ብትነግሩን እንመርጣለን። የባቄላና የበቆሎ ዘር ከመውደቁ በፊት፣ ግንቦት ሳያልቅ ቢሆን ደግ ነው። ቀኑን አስቀድማችሁ ካሳወቃችሁን ሴቶቹንም፣ ወጣቶቹንም፣ አዛውንቶቹንም እኛ እንጠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ስለ ቡድኑ አባላት፣
የቀበሌው የዘር ማባዣና መለዋወጫ ገበሬዎች ቡድን ጸሐፊ
ጎንደር